አዝዞ የሚሰርዘው ደንበኛ

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሸማ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ በስልክ መክፈል ተለምዷል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጀርባ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ሰርቨር አለ። እሱ ከታፈነ፣ አንድ ብር ሳይሰረቅም ግብይቱ ይቆማል።

እንዴት ይታፈናል? አንድ ሰው ጅምላ ሱቅ ገብቶ «ያንን ጣቃ አውርድልኝ» ይላል። የሱቁ ልጅ መሰላሉ ላይ ሲወጣ «ተወው» ይለዋል። ወዲያው ደግሞ «አውርድ»፣ «ተወው»። የተሰረዘ ትእዛዝ ስለማይቆጠርበት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው የትእዛዝ ብዛት ገደብ አያግደውም፤ እውነተኛው ገዢ ግን ቆሞ ይቀራል። መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ራፒድ ሪሴት» የተባለው ጥቃት የሚሠራው እንዲሁ ነው። በጉግል ላይ በሰከንድ እስከ 398 ሚሊዮን ጥያቄ ወርዶበታል።

ክፍተቱ ያለው ኤችቲቲፒ 2 በተባለው ፕሮቶኮል (ከሰርቨር ጋር መነጋገሪያ ደንብ) አሠራር ላይ ስለነበር፣ ፕሮቶኮሉን የሚያስፈጽሙ ብዙ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ሶፍትዌራቸው ውስጥ የሚያስገቧቸው ዝግጁ ኮዶች፣ አብረው ተጋለጡ። ኤንጂኤችቲቲፒ 2 የተባለው ላይብረሪ በ1.57.0፣ የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ በ1.21.3 እትማቸው መከላከያ አወጡ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒቱ ወጥቶም የማይደርሰው ሰርቨር ነው፤ ውስጡ የትኛው ላይብረሪ እንዳለ የመዘገበ ሰው የለማ!

ለነጋዴው ሲስተም የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ የላይብረሪዎቻችሁን ስምና እትም መዝግባችሁ ያዙ፤ እድሳት ሲወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጫኑ። አንድ ግንኙነት እያዘዘ መሰረዝ ሲያበዛ ግንኙነቱን ራሱን ዝጉት። እድሳቱ እስኪጫን ኤችቲቲፒ 2ን ማጥፋትም ይቻላል። እናንተ ነጋዴዎችም ሲስተም ስትገዙ ከዋጋው ጋር አንድ ነገር ጠይቁ፦ ማን ያድሰዋል? በስንት ጊዜስ?