የኅዳር በሽታና የቤታችን በር



በአዲስ አበባና በሌላም ስፍራ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ልጆች ምክንያቱን ሲጠይቁ «ኅዳር ሲታጠን ነዋ» ብለን እናልፋለን። መታሰቢያነቱ ግን በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አገራችንን ለመታው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በሽታው ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የዳኑት። ቤተሰቡ ባንድ ጊዜ ስለሚወድቅ፣ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተም ብዙ ነው።

በዚያው ሰሞን እጅግ ሩቅ በሆነ ባሕር ላይ፣ ሳሞአ በሚባሉት ደሴቶች የሆነውን እንንገራችሁ። ደሴቶቹን ሁለት መንግሥታት ተካፍለው ይገዟቸው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዘመድ ነው። ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. ታሉኔ የተባለች መርከብ ሕመምተኞች ይዛ በምዕራቡ ወገን ስትደርስ የከለከላት አልነበረም። ባጭር ጊዜ ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ሞተ። በምሥራቁ ወገን አገረ ገዢው ጆን ፖየር ወሬውን እንደ ሰማ ወደቡን ዘጋ፤ ባላገሩም የባሕሩን ዳር እየጠበቀ ከማዶ የሚመጣውን ታንኳ መለሰ። ዘመድ እኮ ነው የመለሱት! በዚያ ወገን በዚህ በሽታ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። መድኃኒትማ እነሱም አልነበራቸውም።

ብልባላ ደሴት አይደለችም። ገበያተኛው ይመጣል፣ ተሳላሚው ያልፋል፤ መንገድ ይዘጋ አንልም። ቤት ግን በር አለው። ጥራጊ ማቃጠሉም ቢሆን ዝንብና አይጥ ይቀንሳልና አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ኢንፍሉዌንዛም ሆነ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን የገባው ኮሮና በሳልና በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ጢስ አያግደውም፤ ቤት ውስጥ የታፈነ ጢስማ ሳሉን ያብሰዋል።

እንግዲህ አንዱን ሲያተኩሰውና ሲያስለው ለብቻው ይነጠፍለት፤ አየር እንዲገባ መስኮቱ ይከፈት። ጣሳው የብቻው ይሁን። አስታማሚው አንድ ሰው ሆኖ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን፤ እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ ይታጠብ። የምታጠባ እናት ብትታመም አፏን ሸፍና ታጥባ እንጂ ጡት አትከልክል።

ከሁሉ የሚከብደው ጠያቂን መመለስ ነው፤ እናውቃለን። «ታምሜ አልጠየቀኝም» የሚባለው ቂም ስንት ዓመት ይኖራል! ነገር ግን ከደጅ ቆሞ «እግዜር ይማርህ» ያለም ጠይቋል። ጎረቤት ውሃ ቀድቶ፣ አጥሚት ሠርቶ በራፍ ላይ አኑሮ ይመለስ፤ በ1911 ዓ.ም. የጠፋው ይኸው ነበር። ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ ግን ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።