ስንት ሰው ሳይሆን ማን ተጠየቀ?

አዘጋጆቹ «ከምሳ በፊት ነውና አታስረዝም» ብለውኛል፤ እሞክራለሁ።

ከስታትስቲክስ ክፍል የወጣን ሰዎች በሄድንበት የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሄ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ውጤት እውነት ነው?» የሚል። ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በቴሌግራሙም በፌስቡኩም «የትኛውን ፓርቲ ትመርጣላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይለጠፋል። በአንድ ሌሊት ስንትና ስንት ሰው ይጫነዋል። ጠዋት ግማሻችን «ሕዝቡ ተናገረ» እንላለን። ግማሻችን ደግሞ «ጥናት የሚባል ነገር ሁሉ ውሸት ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እኔ ሁለቱም አያዋጣም ባይ ነኝ።

እስቲ አንድ የቆየ ታሪክ ላንሳ። በ1936 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትና አልፍ ላንደን ሲወዳደሩ፣ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሞልቶ ተመለሰ። መጽሔቱ ከዚያ በፊት በነበሩት ምርጫዎች አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ስለነበር ሰው ያምነዋል። «ላንደን ያሸንፋል» አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ።

ምን ነካው? ስም የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ካርድ ከደረሳቸው ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ የመለሱት ሊናገሩ የፈለጉት ናቸው። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ የሩዝቬልትን አሸናፊነት አስቀድሞ ተናገረ።

እናቶቻችን ይህን ያለ ስታትስቲክስ ያውቁታል። ወጥ የሚቀመሰው መዳፍ ላይ በምትንጠባጠብ ጠብታ ነው፤ ድስቱን ሙሉ የሚጠጣ የለም። ግን መጀመሪያ ይማሰላል። ሕዝቡ 10 ሚሊዮንም ይሁን 100 ሚሊዮን፣ በትክክል በዕጣ ከተመረጡ 1,000 ሰዎች የሚገኝ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ከ3 በመቶ ያህል በላይ አይርቅም። ያልተማሰለ ድስት ግን በጭልፋ ሳይሆን በባልዲ ቢቀዳም ያው ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ። የምክር ቤቱ መቀመጫ ግን 547 ነበር። ስለዚያ ምርጫ ውጤት የነበረውን ክርክር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ አሁን አልገባበትም። እኔ የምለው፣ መዲናይቱ በአንድ ድምፅ ብትናገር እንኳ ከምክር ቤቱ መቀመጫ የምትይዘው ከመቶ አራት ገደማ ነው። ከአራት ኢትዮጵያውያን ሦስቱ ያህል የሚኖሩት ገጠር ነው፤ ኢንተርኔቱ ላይ የምንጯጯኸው ደግሞ በብዛት የከተማ ሰዎች ነን። የሚጫነው ጣት የአዲስ አበባ ይሁን የዋሽንግተን፣ የሦስት ሰው ይሁን የአንድ ባለ ሦስት ስልክ፣ ማን ያውቃል?

«ታዲያ ቤት ለቤት ይጠየቃ!» ትሉኝ ይሆናል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት መረብ በ2013 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲያጠና ቤቱንም ተጠያቂውንም በዕጣ መርጦ፣ በየሰዉ ቋንቋ፣ ፊት ለፊት ነው የሚጠይቀው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ግን የምወዳት አንዲት ጥያቄ አለችው፤ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» «መንግሥት» ብሎ ያመነ ሰው ስለ ገዥው ፓርቲ ሲጠየቅ አፉ ሌላ፣ ልቡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ማሰሉ ብቻ አይበቃም፤ ፍርሃቱም መለካት አለበት።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ምሳችሁን አላዘገይም ነበር። ፓርቲው እንዳሸነፈ ስልኩ ላይ አይቶ ያደረ ሰው፣ ጠዋት ሌላ ውጤት ቢሰማ «ተሰረቅን» ከማለት ሌላ ምን ይቀረዋል? ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። ማስረጃው ግን ያለው በየምርጫ ጣቢያው በተለጠፈው ውጤትና በታዛቢዎች እጅ ነው፤ ስልኩ ላይ አይደለም። በሌላ በኩል ማንም ያልጠየቀው ገበሬ ድምፁን ሲሰጥ፣ እኛ የተማርነው «ይሄ ከየት መጣ?» እንላለን። ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ውጤት ሲደርሳችሁ ለሌላው ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እነማን ተጠየቁ? እንዴት ተመረጡ? ጠያቂውን ማን መስሎ ታያቸው? መልስ ካልተገኘ እዚያው ይቅር። መልስ ካለው ደግሞ፣ የምንወደውን ፓርቲ ቢያስቀይምም እንስማው። በተለይ ያኔ እንስማው። ልጆቻችንም ታናናሾቻችንም «እሱማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ነው» ብለው የላክንላቸውን ያምናሉና።

መልካም ምሳ!