ጠጕሩ የረገፈው የሽኮኮ ግልገል
(በሱሉልታ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)



ስለ ላም ወይም ስለ በሬ እንድናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ሽኮኮ ነው። እዚያ ጥግ የተቀመጡት አባት ፈገግ ሲሉ አያለሁ። «ይህ የእንስሳት ጤና ረዳት ሥራ አጣ እንዴ?» ሳይሉ አልቀሩም። ጥቂት ይታገሡኝ አባባ። ነገሩ ከገደል ይነሣና መኝታ ቤታችን ድረስ ይገባል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እየተዘዋወርኩ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን ከብበው የተቀመጡ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። በየቦታው ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይሠራል። ለቤቱም ለመንገዱም ድንጋይ ያስፈልጋል። ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ከካባ ነዋ! ካባው ግን ባዶ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በስንጥቁ ውስጥ ሽኮኮ ይኖርበታል፤ ይወልድበታል። ድንጋዩ ሲፈለጥ እናቲቱ ትሞታለች ወይም ትሸሻለች። ግልገሉ ይቀራል። ልጆቻችን ያገኙትና አዝነው ወደ ቤት ይዘውት ይመጣሉ።

አንድ ጧት ቡራዩ ውስጥ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ኮፍያውን በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ እናቱ ሞታበታለች» አለኝ። አባቱ ካባ ውስጥ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ድንጋይ ተንዶ እናቲቱን ገደላት፤ ልጁ ግልገሉን ከሥሯ አገኘው። ኮፍያው ውስጥ አየሁ። ከአይጥ ጥቂት የሚበልጥ ነገር ይንቀጠቀጣል። ጆሮው፣ አንገቱና የፊት እግሮቹ ተመልጠዋል። ቆዳው ቅርፊት ይዟል።

ልጁ «ጠጕሩ ለምን ረገፈ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜው ትንሽ ነው እንጂ ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔ ግን በደንብ ሳላየው «በርዶት ነው፤ አሙቀው» አልኩት። ከዚያም ግልገሉን እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አስተኝቼ የላም ወተት በማንኪያ አፈሰስኩለት። ትን አለው። ያን ሌሊት ልጁ በጋቢው ጠቅልሎ ከታናሽ እኅቱ ጋር አብሮ አስተኛው። በማግስቱ ግልገሉ ሞተ። ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ኖሯል።

በአራተኛው ቀን እናታቸው ሁለቱንም ልጆች ይዛ መጣች። ክንዳቸውና ሆዳቸው ቀያይ ሽፍታ አውጥቷል፤ ሌሊቱን ሲያኩ ማደራቸውን ነገረችኝ። ግልገሉን የመለጠው ብርድ አልነበረም፤ እከክ ነበር። ሴትየዋ አልጮኸችብኝም። «እኛ እኮ አንተ ታውቃለህ ብለን ነው» ብላ ዝም አለች። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት ተሰጣቸውና ዳኑ። ጋቢውና አንሶላው በፈላ ውሃ ታጠበ። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚዘልቀው እከክ ብዙ ጊዜ እንስሳው ሲርቅ ቶሎ ይለቃል፤ የሰው እከክ ግን ካልታከመ ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ቤቱን ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ የዚያን ልጅ ጥያቄ ዛሬ ልመልስ። ጠጕሩ ለምን ረገፈ?

በመጀመሪያ እንስሳውን እንለይ። እኛ ሽኮኮ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጭራው የጎፈረ፣ ዛፍ ላይ የሚሮጥ ነው። ሁለተኛው ጭራው የማይታይ፣ በገደልና በድንጋይ መሐል የሚኖር፣ ጧት ጧት ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው ነው። ባለጭራው ሲወለድ ራቁቱን ነው፤ ዓይኑም አልተገለጠም። ጠጕር የለውም ብላችሁ አትደንግጡ፤ ገና ይበቅላል። የገደሉ ሽኮኮ ግን ሌላ ነው። እናቱ ሰባት ወር ያህል ታረግዘዋለች። ፍየል እንኳ የምታረግዘው አምስት ወር ነው! ስለዚህ ጠጕሩን ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል። በጥቂት ቀን ውስጥም ሣር መቀንጠብ ይጀምራል። የዚህ ግልገል ገላ ከተመለጠ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። (የሳይንስ ሰዎች ይህን ትንሽ እንስሳ የዝሆን ዘመድ ነው ይሉታል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፤ እውነት ነው ግን።)

የደረሰበትን ነገር ቆዳው ራሱ ይናገራል። ቅርፊት ካለውና ያለማቋረጥ የሚያክ ከሆነ እከክን እንጠርጥር። እከክ የሚያመጣው ተባይ በዓይን አይታይም። ሴቲቱ ቆዳውን ቦርቡራ ገብታ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ጠጕሩ ክብ ክብ ሆኖ ከረገፈና ብዙም የማያክ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ወደ ሰው ይተላለፋል። ቅማልና ቁንጫ ከሆነ ጠጕሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ከጭራው ሥርና ከኋላ እግሩ ብቻ ከተመለጠ ደግሞ ተቅማጥ አቃጥሎታል። አፉ ዙሪያ ከሆነስ? እንግዲህ ጥፋቱ የመጋቢው ነው። ወተት ሲንጠባጠብበት ሳይጠርገው ደርቆበታል። ይህን በጥጆቻችሁም ላይ አይታችሁታል፤ በባልዲ የሚጠጣ ጥጃ አፍንጫው ዙሪያ ይመለጥ የለም?

በእርግጥ በዓይን ብቻ ሁሉን መለየት አይቻልም። እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። በእንስሳት ክሊኒክ ቆዳውን ትንሽ ፍቀው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ለከባድ ምርመራም ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። በአገር ደረጃ የሚሠራ ትልቅ ላቦራቶሪ ነው፤ ደጃችን ላይ ሆኖ ብዙዎቻችን አናውቀውም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ግልገል ልሂድ። ይህችን ያገኘናት እዚሁ ሱሉልታ ነው። ከብት ጠባቂ ልጅ ነው ያመጣት። ውሻ እናቷን ሲገድል አይቷል። ይህን ማየቱ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ብቻውን የተቀመጠ ግልገል ሁሉ እናት የሌለው አይደለም። እናቲቱ ለግጦሽ ሄዳ ይሆናል። ሩቅ ሆኖ ግማሽ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህችም አንገቷ ተመልጦ ነበር። እኔ አሁን ተምሬአለሁ። በእጄ ላይ ፌስታል አጠለቅሁና ያዝኳት። ካርቶን ውስጥ የሱሉልታ ድርቆሽ አነጠፍኩ። ካርቶኑንም ሰው ከማይተኛበት፣ በግና ፍየል ከማይደርሱበት ጓዳ አኖርኩት። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቀለልኩና ከጎኗ አስቀመጥኩ። ገላዋ እስኪሞቅ ድረስ ምንም አልሰጠኋትም። የበረደው ሆድ ወተት አይፈጭም። ከሞቀች በኋላ በመጀመሪያ የሰጠኋት ወተት አይደለም። በጤና ኬላ ለተቅማጥ የሚታደለውን ሕይወት አድን ዱቄት ፓኬቱን በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጬ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ነው።

በማግስቱ የፍየል ወተት ጀመርን። መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ፣ በሆዷ አስተኝተን፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርገን፣ ጠብታ በጠብታ። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ከጨረሰች በኋላ አፏን በለዘበ ጨርቅ መጥረግ፣ ሆዷን ቀስ አድርጎ ማሸት። ለጋ ሣርም ከአጠገቧ አልጠፋም። በየጊዜው ድርቆሹን አውጥተን አቃጠልን፤ አዲስ አነጠፍን።

ሰው ሲሰማ ምክር አይጠፋም። አንዱ ጎረቤት «የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባት» አለ። ሌላው ለእህል ተባይ የሚረጨውን ማላታይን አመጣ። ወገኖቼ፣ ይህን ነገር በበጎቻችንም ላይ ስናደርግ አይቻለሁ። ተባዩ ይሞት ይሆናል፤ ግልገሉም አብሮ ይሞታል። መርዙ በቆዳ ይገባል፤ እንስሳውም ራሱን ይልሳል። እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ግልገሏን በቅመም ሻጭ ሚዛን መዘንናት፤ 310 ግራም ሆነች። ሐኪሙ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት በክብደቷ ልክ አቅጥኖ ሰጣት። ለበግ የሚሰጠውን ያህል ብንሰጣት ኖሮ እዚያው በቀረች ነበር። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ14 ቀን በኋላ ተደገመላት።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት መጥተው «ልጄ፣ ለአውሬ እንዲህ መድከም ምን ይባላል? ገደል ወርውሯት» አሉኝ። ልክ ናቸው ወይስ ተሳስተዋል? እኔ እንጃ። «እማማ፣ ልጁ አዝኖ ነው ያመጣት» አልኳቸው። «የልጁን አንጀት መግደል አልፈልግም። ግን ልጁን ደግሞ ከእሷ መጠበቅ አለብኝ።»

ይህን ያልኩት በእከክ ብቻ አልነበረም። ሽኮኮ ባለበት ገደል ሌላ ነገር አለ፤ ቁንጭር ነው። ቁንጭር ፊት ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ ጉንጭ ላይ የሚወጣ፣ ብዙም የማያም፣ ግን ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት የማይድን ቁስል ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ያው በእንዶድ ምርምራቸው የምናውቃቸው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በሽታ በደጋው አገር አጥንተዋል። ካጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ ወሎ ውስጥ ኩታበር ነው፤ ሌላው እዚሁ ሰበታ አጠገብ ሜታ አቦ ነው። ኋላ በ1965 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ደግሞ በሽታው በሽኮኮ ገላ ውስጥ እንደሚኖር አሳየ።

ሽኮኮው ግን በመነካካት አይደለም የሚሰጠን። የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ ዝንብ አለች። ስትበርር ድምፅ የላትም። ቀን በድንጋይ ስንጥቅ ትደበቃለች፤ ሌሊት ወጥታ የሽኮኮውን ደም ትመጣለች፤ ከዚያ ገደሉ ሥር የተኛውን ሰው ትነክሳለች። ስለዚህ ሽኮኮን ቤት አምጥቶ ከሕፃን ጋር ማስተኛት ለዚህች ዝንብ መንገዱን ማሳጠር ነው። ሽኮኮው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው የሚመስለው።

ሰበታ ውስጥ አንዲት እናት አውቃለሁ። ጉንጯ ላይ ቁስሉ ከዓመት በላይ ቆየ። በጋለ ብረት ተኮሷት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ነበር የምትከናነበው፤ ገበያም ቀርታ ነበር። በመጨረሻ በጅማ መንገድ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ሄደች። መርፌ ብዙ ቀን ወጋት፤ ቁስሉ ዳነ። ጠባሳው ግን ቀረ። ቀደም ብላ ሄዳ ቢሆን ጠባሳው ያንሳል። ቤታችሁ ገደል ሥር ከሆነ አጎበር ዘርጉ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ምረጉ። «እንግዲያው ሽኮኮውን በመርዝ እንፍጀው» የሚል ይኖራል። መርዙን የበላውን ውሻ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሣ ይበላዋል፣ ውሃው ውስጥ ይገባል። አይሆንም።

ግልገል የነከሰው ልጅ ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቡና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ የሚያሰጋው ውሻ ሲነክስ ብቻ አይደለም። ደግሞም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ቤት ማሳደር በሕግ የተከለከለ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ከቡራዩ አልፎ በሆለታ መንገድ በኩል ደግሞ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል፣ ሰው ይዟቸው የነበሩ አንበሶችን፣ አቦ ሸማኔዎችንና ጦጣዎችን ተቀብሎ የሚያኖር ማዕከል ተቋቁሟል። ጦጣ ወይም የአቦ ሸማኔ ግልገል ብታገኙ ወደ ገበያ አታውጡት፤ አመልክቱ።

የሱሉልታዋን እኛም አመልክተን ነው የያዝናት። በስድስተኛው ሳምንት አንገቷ ላይ እንደ በቆሎ ጭገር ያለ ለስላሳ ጠጕር ወጣ። ልጁ በየቀኑ ከከብቶቹ መልስ መጥቶ በበሩ ቀዳዳ ያያታል። እንዲነካት አልፈቀድኩለትም፤ እሱም አልለመነኝም። ሦስት ወር ሲሞላት ሣሩን ብቻ ስትበላ ወተቱን አቆምን። አንድ ጧት ከተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው ጋር ሆነን ካርቶኑን ወደተገኘችበት ገደል ወሰድነው። ሽኮኮዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አንዱ አየንና ጮኸ፤ ሁሉም ስንጥቃቸው ገቡ። ካርቶኑን ከፍተን ራቅ ብለን ተቀመጥን።

የመጀመሪያውን ቀን ወጣችና ወደ ካርቶኑ ተመለሰች። ሁለተኛውንም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ብቻውን ሄደ። ማታ እያለከለከ መጣ። «ጋሼ፣ ካርቶኑ ባዶ ነው» አለኝ። «ከድንጋዩ ላይ ስንት ነበሩ?» አልኩት። «ትላንት ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ አሥር ቆጠርኩ።»