በገመድ ስለ መውጣት



በማንኩሳ እርሻ መካከል አድጎ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የከረመ ሰው፥ ገደል ቀና ብሎ ሲያይ ጕልበቱ ይብረከረካል። ይሁን እንጂ ለጀማሪም የሚሆን የገደል መንገድ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1917 የኢጣልያና የኦስትሪያ ወታደሮች በዶሎሚት ተራሮች ሲዋጉ በዐለቱ ላይ መሰላልና የሽቦ ገመድ ተከሉ። ዛሬ እንዲህ ያለው «የብረት መንገድ» የጎብኚዎች መተላለፊያ ሆኗል። ወጪው ከወገቡ የተያያዙ ሁለት ማሰሪያዎች አሉት፤ ከችካል ሲደርስ አንዱን ፈትቶ ወዲያ ካሳለፈና ካሰረ በኋላ ብቻ ሁለተኛውን ይፈታል። ሁለቱን ባንድነት የፈታ ሕይወቱን ፈታ።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በትግራይ፥ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት መሠረቱት በሚባለው በደብረ ዳሞ ገዳም፥ ወንዶች 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣሉ። እንግዳው አንዱን ገመድ በእጁ ይጨብጣል፤ ሌላው በወገቡ ታስሮ ከላይ በመነኵሴ ይሳባል።

እንግዲህ «ወንድ ነኝ» ብላችሁ መታጠቂያውን አትናቁ። መታሰር ውርደት አይደለም። ነገ ባለጉዳይ ደጃችሁን ሲረግጥ ደግሞ፥ ከላይ ገመዱን የያዛችሁት እናንተ መሆናችሁን አስቡ።