በየቲሙ ማኅደር ያልሰፈረው ሕመም




ለአንድ የቲም ማኅደር ስንከፍት የአባቱን የሞት ማስረጃ፣ የአሳዳጊውን ስምና የትምህርት ውጤቱን እናያይዛለን። ልጁ በሕፃንነቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ማጅራት ገትር ይዞት ወይም ወባ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት እንደ ነበር ግን ጠይቀን አናውቅም። ጥፋቱ የእኛው ነው። ይህን የምታስታውሰው እናት ናት፤ እርሷም ካለፈች ታሪኩ አብሯት ይቀበራል።

ብዙዎቻችን «ሕፃን ነው፣ ቶሎ ያገግማል» እንላለን። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ያምኑ ነበር፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ኬናርድ በጨቅላነታቸው አንጎላቸው የተጎዳ ጦጣዎች ካደጉት ይልቅ እንቅስቃሴያቸው በተሻለ ሁኔታ እንደሚመለስ አይታ ነበርና። ስለ ማሰብ ችሎታ ግን ኋላ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ሌላ ነገር አሳይተዋል። አዋቂ ሲጎዳ የተማረውን ይዞ ነው፤ ሕፃኑ ግን የሚጎዳው ገና ሊማርበት ያለው አካሉ ነው።

በጉዳቱ ጊዜ ገና በማቆጥቆጥ ላይ ያለው ችሎታ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። አፉን በመፍታት ላይ ያለ ሕፃን ቋንቋው፣ ፊደል የጀመረ ልጅ ንባቡና ትኩረቱ ይታወካል። ከሁሉ የሚያሳስበን የግንባር አካባቢ አንጎል ነው፤ ማቀድና ራስን መግታት በእርሱ ላይ ይመሠረታሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚበስለውም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። የ4 ዓመት ሕፃን እንዲያቅድ የሚጠብቅ ስለሌለ ጉድለቱ ያን ጊዜ አይታይም። የሚገለጠው 5ኛና 6ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ብዙ ትምህርት በራሱ አደራጅቶ ማጥናት ሲኖርበት ነው። ያን ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል።

ሐዋሳችን ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ወባም የማይለያት የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የኡጋንዳ ጥናት፣ ወባ ወደ አንጎላቸው ወጥቶ ከዳኑት ልጆች ከአራቱ አንድ ያህሉ ከሁለት ዓመት በኋላም የማሰብ ችግር እንደ ነበረባቸው አመልክቷል።

ስለዚህ በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ልጁ ራሱን ስቶ ወይም አንቀጥቅጦት ያውቃልን? ስንት ዓመቱ ነበር? አክስትን፣ ጎረቤትን፣ አሮጌ የሕክምና ካርድንም እንጠይቅ። ክፍል ደገመ ብለን የማንንም የቲም ድጋፍ ከማቋረጣችን በፊት ሐኪም ይየው፤ መምህሩም ትእዛዙን አንድ በአንድ እንዲሰጠው፣ ለፈተናም ጊዜ እንዲጨምርለት እንነጋገር።