«አልጠፋሁም፣ ትምህርት ቤት ነበርኩ»

(በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርዕስ «የኤች.አይ.ቪ መከላከያ፣ ምርመራና ሕክምና አገልግሎት በአገር ደረጃ እንዴት ይታቀዳል?» የሚል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ርዕሱን ሳነበው እኔም እንቅልፌ መጣ። ዕቅድ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ወፍራም ጥራዝና የማያልቅ ስብሰባ ነው። ስለዚህ ከጥራዙ አልጀምርም፤ ከአንድ ልጅ ልጀምር።

ልጁ በ2016 ዓ.ም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቫይረሱ ሲወለድ ከእናቱ የተላለፈበት ነው። እናቱ በሕይወት የለችም፤ የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው። መድኃኒቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲወስድ ኖሯል፤ እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኜ በምሠራበት ጤና ጣቢያም ካርድ ነበረው። አንድ ቀጠሮ ቀረ። ሁለተኛውንም ቀረ። ከዚያ በመዝገባችን ላይ ከስሙ ትይዩ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ተጻፈ።

አክስቱ ጋ ስልክ ደወልኩ። «እኔ እኮ እየሄደ ነበር የመሰለኝ» አለችኝ ደንግጣ። በእሷ ፈቃድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩና ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት። ለምን ጠፋህ ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ሲስተር፣ እኔ እኮ አልጠፋሁም። ትምህርት ቤት ነበርኩ።» (ነርስ አይደለሁም፤ ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት። ግን ጤና ጣቢያ ውስጥ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፣ ለምጄዋለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጠሮው ሁልጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት ነበር። ከክፍል ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለፈቃድ ወረቀት ደግሞ ምክንያት። የክፍል ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አስበውለት ነው «ምን ሆነህ ነው?» የሚሉት። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለ። ቀጥሎ ጥርሴን አለ። በሦስተኛው ቀን ሚድ ፈተና ነበረ። ውሸት አለቀበት፤ መድኃኒቱም አለቀበት። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። በኋላ ደሙ ሲመረመር የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ወደ ታች መመለሱን እስክናይ ወራት ፈጀ።

እስቲ አሁን ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ቤታችሁ ድግስ ሲኖር እናቶቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ሰው ይመጣል?» ብለው ነው። ጤፉም፣ በርበሬውም፣ ጠላውም በዚያ ይለካል። የመድኃኒት ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጤና ጣቢያው ፋርማሲ በየሁለት ወሩ አንድ ቅጽ ይሞላል፦ ምን ያህል በእጄ አለ፣ ምን ያህል ሰጠሁ፣ ምን ያህል ተበላሸ። ቀጣዩ ትዕዛዝ የሚሰላው ከተሰጠው ላይ ነው። የጤና ጣቢያ ክምችት ቢበዛ ለአራት ወር የሚሆን ነው፤ ከሁለት ወር በታች እንዲወርድም አይፈለግም። የሁሉም ቅጾች ድምር ነው አገሪቱ ከውጭ የምትገዛውን የሚያሳየው። ግዢው ደግሞ ከብዙ ወራት በፊት መታዘዝ አለበት።

አሁን ልጁን አስቡት። እሱ ስላልመጣ የእሱ ብልቃጥ ወጪ አልተደረገም። ቅጹ «ፍጆታ ቀንሷል» ይላል። ከላይ ሆኖ ወረቀቱን የሚያይ ባለሙያ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ አይታየውም፤ የሚታየው ያነሰ ቁጥር ነው። ልጁ ከመዝገቡ ብቻ ሳይሆን ከሚቀጥለውም ትዕዛዝ ጠፋ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የስታቲስቲክስ ትምህርት አልወድም ነበር። ዛሬ ጥቅሙ ገብቶኛል።

ቁጥር ካነሳን ሰሌዳው ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ተሰብስበው እስከ 2025 ሊደርሱበት የተስማሙት ግብ 95-95-95 ይባላል። ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች 95 በመቶው ራሳቸውን ይወቁ፤ ካወቁት 95 በመቶው መድኃኒት ይጀምሩ፤ ከጀመሩት 95 በመቶው የቫይረሱ መጠን ይውረድላቸው። 100 ሰው ብለን እንነሳ። 95 አወቁ። ከ95ቱ ውስጥ 95 በመቶ፣ 90 ሰው ገደማ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ 95 በመቶ፣ 86 ገደማ። አያችሁ? ሁሉም ቦታ ላይ 95 አግኝተንም 14 ሰው ከእጃችን ወጣ። የእኔ ልጅ አውቋል፣ ጀምሯል፤ የወደቀው ሦስተኛዋ ላይ ነው። ይህቺ ሦስተኛዋ ለመከላከልም ቁልፍ ናት፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ሕክምናው ራሱ መከላከያ ሆነ ማለት ነው።

ዕቅድ ወረቀት ብቻ ነው የሚል ካለ ግን አልስማማም። በ1995 ዓ.ም የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን በክፍያ ነበር የሚሰጠው፤ ከጥር 1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ሆነ። ከዚያ «ሐኪም ብቻ ይስጥ» ቢባል ኖሮ ወረፋው ባላለቀ ነበር፤ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው እንዲሰጡ በመወሰኑ አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። በ2005 ዓ.ም ደግሞ ቫይረሱ በደሟ ያለ ነፍሰ ጡር ሁሉ የዕድሜ ልክ ሕክምና እንድትጀምር የሚያደርገው አሠራር መጣ። ልጁ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አማካይ ቁጥር የሚያታልልበት ጊዜም አለ። በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች መካከል ስርጭቱ 0.9 በመቶ ነበር። ከሺህ ሰው ዘጠኝ ነው። ግን በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4፤ በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6፤ በጋምቤላ 4.8 ነበር። መመርመሪያውን ለሁሉም እኩል አከፋፍላለሁ የሚል ዕቅድ አንዱ ጋ ይተርፈዋል፣ ሌላው ጋ ያልቅበታል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የወጣቶቹን ካርዶች ይዘን ከነርሷ ጋር ቁጭ አልንና ያመለጡ ቀጠሮዎችን ቀን አየን። አብዛኞቹ የትምህርት ቀን ናቸው፤ ብዙዎቹም የፈተና ሳምንት። ያንን በአንድ ገጽ አድርጌ ለኃላፊው ሳቀርብ መጀመሪያ «የትርፍ ሰዓት በጀት የለኝም» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር። ቆይቶ አንድ ከውጭ የሚረዳ ፕሮጀክት ክፍያውን ሸፈነልንና በወር አንድ ቅዳሜ ለወጣቶች ብቻ ተከፈተ። ልጁ መጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ስፖርት ቱታውን ለብሶ መጣ። ሰው ቢያየው ኳስ ሊጫወት የሚሄድ ነው የሚመስለው።

በጥር 2017 ዓ.ም አሜሪካ አብዛኛውን የውጭ እርዳታዋን ስታቆም የእኛም ቅዳሜ አብሮ ቆመ። ሌላ ቦታ ከዚህ የባሰ ደርሷል፤ የእኛ ትንሿ ናት። ግን በሰው ገንዘብ የታቀደ ነገር ሰውየው ኪሱን ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ያየሁባት እሷ ናት። አሁን ቅዳሜዋ በራሳችን ጤና ጣቢያ በጀት እንድትያዝ እየጠየቅን ነው። እስኪሳካ ድረስ ለተማሪዎች ቀጠሮ ስንሰጥ የትምህርት ቤቱን ካላንደር እናያለን፣ የሚቻለውንም ወደ ዕረፍት ሳምንትና ወደ ክረምት እንገፋለን። ሕክምናቸው ለተረጋጋ አዋቂዎች ከ2010 ዓ.ም ወዲህ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ እንዲህ ያለው ነገር ለተማሪም ቢታሰብ እላለሁ። ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

ስለ ምርመራ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝን አሁኑኑ ልመልስ። 15 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ወላጅ ፊርማ በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል። ውጤቱ ለትምህርት ቤት አይነገርም። «ማን ላከህ?» የሚል ካጋጠማችሁ መልሳችሁ «ራሴ» ነው።

በሉ እንግዲህ ጥያቄ። እጅ ማውጣት የከበደው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በሩ አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ይክተት፤ ስም አይጻፍ። ስለ ሰዓትና ስለ ቀጠሮ የሚያነሱትን ወረቀቶች ለብቻ አወጣቸዋለሁ። ሰኞ የጤና ጣቢያችን የሩብ ዓመት ዕቅድ ስብሰባ ስላለ ይዣቸው እገባለሁ።