ጨው ቀመስ ውኃና የአገራችን ዓሦች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ዓሣን በመስታወት ገንዳ ስለ ማኖር ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ከውጭ አገር የመጣውን ወርቃማ ዓሣ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በገዛ ቆላችን ስለሚኖሩት ዓሦች ግን እምብዛም አንነጋገርም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ጨው ባለበት ውኃ መኖር የሚችሉትን የአካባቢያችንን ዓሦች በቤት ውስጥ አብሮ ስለ ማኖር ነው። ከዚሁም ጋር ወደ ገንዳ ሊገቡ የሚገባቸውንና በስፍራቸው ሊተዉ የሚገባቸውን እንለያለን።

ጨው ቀመስ ውኃ ማለት ከወንዝ ውኃ የበለጠ፣ ከባሕር ውኃ ያነሰ ጨው ያለበት ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። እንዲህ ያለው ውኃ በሌሎች አገሮች ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ይገኛል። የእኛ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚያ ቆላ ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ይህችን አንዲት ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ የንግግራችን ሁሉ መሠረት እርሷ ናትና።

በወንዝ ውኃ የሚኖር ዓሣ ሰውነቱ ከውኃው ይልቅ ጨው ስላለው ውኃ ያለ ማቋረጥ ይገባበታል። ስለዚህ ብዙ ሽንት ይሸናል፤ በስንጥቦቹም ጨው ይሰበስባል። በባሕር የሚኖረው ግን ውኃ ከሰውነቱ ስለሚወጣበት ይጠጣል፤ ትርፉን ጨው በስንጥቦቹ ያስወጣል። ብዙዎቹ ዓሦች ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን ብቻ ያውቃሉ። ሁለቱንም የሚችሉት ናቸው ለጨው ቀመስ ገንዳ የሚመረጡት።

ከእነዚህ አንደኛው ቀድሞ አፋኒየስ ዲስፓር፣ አሁን አፋኒዮፕስ ዲስፓር የሚባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ዓሣ ነው። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፤ ነገር ግን ከጣፋጭ ውኃ አንሥቶ ከባሕር እስከሚበልጥ ጨው ድረስ ይችላል። የትንኝ እጭም ይበላል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችው በአሰብ ከተማ ይህ ዓሣ በጉድጓዶች፣ በውኃ ማጠራቀሚያዎችና በበርሜሎች ተጨምሮ የወባ ትንኝን እጭ ለመቀነስ መርዳቱን የሚገልጽ ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ታትሟል። እንግዲህ የአገር ዓሣን በቤት ውኃ ማኖር ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ሁላችንም የምናውቀው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ መጠነኛ ጨው ይችላል፤ ሆኖም ጨው ቀስ በቀስ በብዙ ቀናት መጨመር አለበት። ጫጩቶቹን ከትንንሾቹ ዓሦች ጋር ማኖር ይቻላል። ሲያድግ ግን ግማሽ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል አስቀድሞ ሰፊ ስፍራ ያላዘጋጀ ሰው ባያስገባው ይሻላል። ቢልጫ የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ስለ ሆነ በጨው አይጨመርም። አምባዛም በጨለማ እየዞረ ጎረቤቶቹን ስለሚውጥ ለእንዲህ ያለ ማኅበር አይሆንም።

አፋኒዮፕሶችን በተመለከተ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ቢሆኑ ጠቡ ይቀንሳል። ደካማው የሚሸሸግበት ድንጋይና ዕንቁላል የሚጣልበት የውኃ ሣርም ያስፈልጋል። በደጋ ላለ ቤት ደግሞ የውኃ ማሞቂያ ይጨመራል፤ ዓሦቹ የቆላ ናቸውና።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ጨውም የገበታ ጨው ሳይሆን ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ያለበት የባሕር ጨው ይሁን። ገንዳው ከተሞላ በኋላ ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ከዓሦች የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ መታገሥ ግድ ነው። እነርሱም የሚመገቡት እንዲያገኙ በየቀኑ ጥቂት የዓሣ ምግብ ይጣልበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የትነት ነገር ነው። 100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ለአንድ ሊትር 10 ግራም ጨው ብንጨምር ጠቅላላው 1 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ 20 ሊትር ቢተን ኪሎው ጨው በ80 ሊትር ውስጥ ይቀራል፤ ይኸውም በሊትር 12 ግራም ተኩል ነው። የጎደለውን በጨው ውኃ ብንሞላ 200 ግራም ጨመርን፤ ሁለተኛም እንዲሁ ብናደርግ በሊትር 14 ግራም ደረሰ። ስለዚህ በትነት የጎደለ በጣፋጭ ውኃ ይሞላል፤ ለማጽዳት በእጃችን የቀዳነው ግን ጨውም አብሮት ስለሚወጣ በጨው ውኃ ይተካል። ገንዳው ሙሉ መስሎ ሲታይ ጨው ሊከማች ይችላልና በሃይድሮሜትር መለካት ይገባል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ይህንኑ ሂሳብ ከመስታወት ገንዳ አውጥተን ወደ አፍዴራ ሐይቅ እንውሰደው። አፍዴራ በአፋር ምድር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከዳርቻው በሚፈልቁ ፍል ውኆች የሚረዳ የጨው ሐይቅ ነው። በዚያ ሁለት ዓሦች ይኖራሉ። አንደኛው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ኢትዮጵያዊው ሊቅ አበበ ጌታሁን ከባልደረባቸው ጋር የገለጹት የአፋኒዮፕስ ወገን ነው። እነዚህ ሁለቱ በዓለም ላይ ከአፍዴራና ከምንጮቹ በቀር ሌላ አገር የላቸውም።

ከዚያው ሐይቅ ውኃ እየተሳበ፣ በመደብ ላይ እየተነነ፣ ለገበታችን የሚሆን ብዙ ጨው ይመረታል። ጨው ለሁላችን ያስፈልጋል፤ ሠራተኛውም እንጀራው ነው። ነገር ግን ምንጮቹ ከተጠለፉ ወይም ከተበከሉ ዓሦቹ የሚሸሹበት ስፍራ የለም። ገንዳችን ሲጎድል እኛ በባልዲ እንሞላለን፤ አፍዴራን የሚሞላለት ምንጩ ብቻ ነው።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። በብዙ ስፍራ የሚገኘውንና ብዙ የሚችለውን ዓሣ በቤታችን እናኑር፤ ከእርሱም እንማር። የአፍዴራን ዓሦች ግን ለጌጥ አናምጣቸው። በገንዳ ዘርን ማቆየት ለዚሁ የተሰናዱ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሐይቁ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም። ደግሞም የሰለቸንን ዓሣ ወደ ወንዝና ሐይቅ አንጣል። ከአሜሪካ የመጣው ጋምቡሲያ ትንኝ እንዲያጠፋ ተብሎ በስፔን ውኆች ከተጨመረ በኋላ የዚያን አገር የአፋኒየስ ወገን ምግቡንና ስፍራውን ተሻምቶ ጎድቶታል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ገንዳ ቢጠይቋችሁ አስቀድማችሁ ጨዉን መለካት ያስተምሯችሁ ዘንድ ጠይቋቸው። እናንተም ታናናሾቻችን፣ የአፍዴራን ስም በካርታ ላይ ፈልጋችሁ እወቁት። የአንዲት ገንዳን ውኃ በሚዛን መጠበቅ የለመደ እጅ ነገ የአንድ ሐይቅን ውኃ ለመጠበቅ እንደሚበቃ እናምናለን።